ፓምፑን ልጆቹ ይግፉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ልጆች መጫወቻ ሲነሳ ሁሌም የምንሰማው ቦታ የለም የሚለውን ነው። እኔ ግን ስላለው ቦታ ልጻፍ። ቦታው ተገኝቶ፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ሸርተቴውም ዥዋዥዌውም ተተክሎ ሲያበቃ ልጆቹ ትንሽ ተጫውተው "ሰለቸን፣ እንሂድ" የሚሉት ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከቤተሰቤ ጋር ባሕር ዳርቻ አጠገብ ወዳለ አንድ የልጆች መጫወቻ ሄደን ከዋልን በኋላ ነው። ዋልን ስል የእውነት መዋል ነው። ሌላ መጫወቻ ስንሄድ ቶሎ "እንሂድ" የሚሉት ልጆቹ ናቸው፣ እዚያ ግን ለምነን ነው ያስወጣናቸው።

ቦታው ለዓይን ያን ያህል አይደለም። በቀለም የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የለም። አሸዋ፣ ግንድ፣ ገመድና ውሃ ነው፣ በቃ። መሃል ላይ የእጅ ፓምፕ ቆሟል። አንድ ልጅ ሲገፋው ውሃው በእንጨት ቦይ ይወርዳል፣ ቦዩ ላይ ልጆች ራሳቸው የሚከፍቷቸውና የሚዘጓቸው ትናንሽ መዝጊያዎች አሉ፣ ውሃው መጨረሻ ላይ አሸዋው ውስጥ ይገባል። ተንኮሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ገፊው ልጅ ውሃውን ለማየት ፓምፑን ለቆ ሲሮጥ ውሃው ይቆማል! ብቻውን የትም አይደርስም፣ ሰው ያስፈልገዋል። ልጄ ከዚያ በፊት አይታው ከማታውቀው ልጅ ጋር "አንተ ግፋ፣ እኔ ልገድብ፣ ከዚያ እንቀያየራለን" ብላ ስትዋዋል ሰማሁ። ቤት ውስጥ ከወንድሟ ጋር ተራ መጠበቅ ጦርነት የሚሆንባት ልጅ ናት እኮ።

ግድቡ ደግሞ ሲፈርስ ነው ጨዋታው የሚደምቀው። ደረቅ አሸዋ አይቆምም፣ ውሃ የበዛበትም ይናዳል። በመጠኑ ሲረጥብ ብቻ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ውሃ አያይዞ ያቆመዋል። ይህን ማንም አላስረዳቸውም። ሦስት አራት ግድብ ከተናደባቸው በኋላ አንዱ ልጅ "ውሃ አታብዙ፣ ከዚያኛው አሸዋ አምጡ" እያለ እንደ መሐንዲስ ሲያዝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ሁለቱ ጫፎቹ ራቅ ራቅ ብለው ብቅ ብለዋል። በአንዱ ሲያንሾካሹኩ በሌላው ይሰማል። እናቴ አንደኛው ጫፍ ጋ ቁጭ ብላ ከልጅ ልጆቿ ጋር ሚስጥር ስታወራ ዋለች። አያትን የሚያጫውት የልጆች መጫወቻ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ የመልክዓ ምድር አርክቴክት ልጆች ተሠርቶ ካለቀላቸው መጫወቻ ይልቅ ግንባታ ቦታ ላይ በወዳደቀ ነገር መጫወት እንደሚወዱ አስተዋለ። በእሱ ሐሳብ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1943፣ ዴንማርክ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ኤምድሩፕ የሚባል ሰፈር ላይ ቁርጥራጭ ዕቃ የሞላበት መጫወቻ ተከፈተ። ልጆቹ እየሠሩ እያፈረሱ ይጫወቱበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለልጆች ደኅንነት ይሟገቱ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሌዲ አለን አይተውት ሐሳቡን ወደ አገራቸው ወሰዱት። ሳይመን ኒኮልሰን የሚባል እንግሊዛዊ አርቲስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደልብ የሚነሳና የሚቀየር ነገር በበዛ ቁጥር ፈጠራውም ይበዛል ብሎ ተከራክሯል። እኔ ያየሁት ፓምፕና አሸዋ የዚሁ ዘመድ ነው። ሸርተቴ ማለት አንድ ሰው አስቦ የጨረሰው ነገር ነው፣ ለልጁ የቀረው መንሸራተት ብቻ ነው።

"ታዲያ አደገኛ አይሆንም ወይ?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ልጆች የሚወጡበት የገመድ መረብ አናት ላይ ልጄን ሳይ ሆዴ ተላውሷል። ግን አደጋም ዓይነት አለው። ከፍታን ልጁ ራሱ ያየዋል፣ ሲፈራ ይቆማል። የማያየው ነው የሚያሳስበው። የዛገ ብሎን፣ ፀሐይ ሲያግለው የዋለ የብረት ሸርተቴ፣ ገላው ሾልኮ ጭንቅላቱ የሚያዝበት ክፍተት። የአውሮፓና የአሜሪካ የደኅንነት ደረጃዎች ዙሪያውን ዝግ የሆነ ከ9 እስከ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ክፍተት እንዳይኖር የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ባሕር አጠገብ ሲሆን ደግሞ ጨዋማው አየር ብረትን ቶሎ ይበላል። አሸዋውም ልጆች ከሚዘሉበት ቦታ እየተገፋ ይሄድና ልክ መወፈር ባለበት ቦታ ይሳሳል፣ ሰው መድቦ መመለስ ያስፈልጋል። እኛ ወላጆች ይህን መጠየቅ ሲገባን ከታች ቆመን "ተጠንቀቅ! ተጠንቀቅ!" እንላለን። ምኑን እንደሚጠነቀቅ ለማያውቅ ልጅ ምን ይጠቅመዋል? "እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?" ብንለው ቢያንስ ወደ እግሩ ያያል።

ያበሳጨኝ ነገርም ነበር። ከመግቢያው የሚጀምረው የእንጨት መንገድ ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች አንዲት ልጅ መንገዱ ካለቀበት ቆማ ሌሎቹን ስታይ ነበር። አባቷ ተሸክሞ አደረሳት፣ ግን ያንን ሁሉ ያሰበ ሰው ጥቂት ጣውላ እንዴት ይረሳል? አሸዋውንም ከፍ ባለ ገበታ ላይ አድርጎ ወንበሩ ከሥሩ እንዲገባ መሥራት ይቻላል። ጥላም ጥቂት ነበር፣ እሱ እንኳ ዛፍ ሲያድግ ይመጣ ይሆናል።

መጫወቻ ለማሠራት የምታስቡ፣ ወረዳም ሁኑ ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ኮሚቴ፣ ዕቃ ከካታሎግ ከመምረጣችሁ በፊት ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስቡ። ጥቂት ባልዲ፣ አካፋና ጣውላ ልቅ አድርጋችሁ ተዉላቸው፣ ይጠፋሉ፣ ትተካላችሁ። አሸዋውን የሚመልስና ብሎኑን የሚያይ ሰው ደመወዝ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ይግባ። መንገዱም ፓምፑ ድረስ ይድረስ። በሩ ላይ ደግሞ በትልቁ "ቅያሪ ልብስ ያዙ" ብላችሁ ጻፉ፣ እኛን የነገረን አልነበረም።

የጋዜጣችሁ አንባቢ