ፎቶ ብቻ አይታችሁ የመድፍ አረር ነው አትበሉን

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን የዛገ የብረት ኳስ ፎቶ አይቼ ነው የምጽፍላችሁ። ከስሩ ጥንታዊ የመድፍ አረር ተብሏል፣ ግን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የለም፣ ዲያሜትሩም የለም፣ ያለነዚህ ሁለት ቁጥሮች ደግሞ ባለሙያም ቢሆን አፉን ሞልቶ አረር ነው ማለት አይችልም። ክብ ብረት ሁሉ አረር አይደለም እኮ፣ ማዕድን የሚፈጭባቸው ወፍጮዎች ውስጥ የሚገቡ የብረት ኳሶች አሉ፣ የአጥር ጌጥ አለ፣ በስፖርት የሚወረወረው አሎሎ አለ፣ ሲዝጉ ሁሉም አንድ ነው የሚመስሉት።

ከመለካቱ በፊት ግን አንድ ነገር ይቅደም። አረር ሁለት ዓይነት ነበር፣ አንዱ ድፍን ብረት ነው፣ ሌላው ውስጡ ክፍት ሆኖ ባሩድ የሚሞላ። ባሩድ የተሞላው የመለኮሻ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውን ግን ዝገት ደፍኖት ላይታይ ይችላል፣ ባሩድ ደግሞ አረጀ ተብሎ አይናቅም፣ ከደረቀ ይሠራል። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ዘመን አረር ሲያጸዳ ፈንድቶበት ሞቷል፣ ጦርነቱ ካበቃ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖት ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ወይም የተደፈነ የሚመስል ክብ ምልክት ያየ፣ ወይም ድፍን መሆኑን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አይቦርቡር፣ እሳት አያስጠጋ፣ በማሽን አይፈግፍግ፣ ባለበት ትቶ ለፖሊስ ይደውል። ይሄ ከፎቶው ጋር መጻፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ድፍን መሆኑ ከታወቀ ልኬቱ ከባድ አይደለም። ወገቡ ላይ ክር አዙሮ የክሩን ርዝመት ለ3.14 ማካፈል ነው፣ ዲያሜትሩ ይወጣል፣ ግን ከአንድ ቦታ በላይ መለካት አለበት ምክንያቱም ዲያሜትሩ ላይ የተሳሳተች 1 በመቶ ክብደቱ ላይ ወደ 3 በመቶ ሆና ነው የምትመጣው። ክሩ 35.2 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል፣ ዲያሜትሩ 11.2 ነው። 11.2 × 11.2 × 11.2 አባዝታችሁ ውጤቱን በ0.5236 ስታባዙት ወደ 736 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይሆናል፣ ቀልጦ የተቀዳ የድሮ ብረት አንዱ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 7.2 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ኳሱ ወደ 5.3 ኪሎ መሆን አለበት። ሚዛኑም እዚያው አካባቢ ካለ የእንግሊዞቹ ባለ 12 ፓውንድ አረር ሊሆን ይችላል፣ 12 ፓውንድ 5.44 ኪሎ ነውና፣ የጎደለውን ዝገት በልቶታል። 5.8 ኪሎ ከመዘነ ግን የዘመኑ ስቲል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ 4 ኪሎ ብቻ ከሆነ ውስጡ ክፍት ሊሆን ስለሚችል ወደ ላይኛው ማስጠንቀቂያ ተመለሱ። የፈረንሳዮቹ የድሮ ፓውንድ ወደ 490 ግራም ስለነበር የነሱ 12 ወደ 5.87 ኪሎ ይመጣል፣ ያኔ ግን ኳሱም ተለቅ ይላል፣ ለዚህ ነው ክብደት ብቻውን ወይም መጠን ብቻውን የማይበቃው።

በጣም የሚያሳስተው አሎሎ ነው። የወንዶቹ 7.26 ኪሎ ሲሆን ከተለመዱት ከ12ቱም ከ18ቱም ፓውንድ ጋር አይገጥምም፣ የሴቶቹ ግን 4 ኪሎ ነው፣ ባለ 9 ፓውንድ አረር ደግሞ 4.08፣ የ80 ግራም ልዩነት ማለት በዝገት የሚጠፋ ነው። እዚህ ጋ ሚዛኑን አስቀምጦ ቆዳውን ማየት ነው። አረር በሁለት ግማሽ ቅርጽ ውስጥ ስለሚቀዳ ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ይኖረዋል፣ የቀለጠው ብረት የገባበት ቦታም ላይ ትንሽ ጠባሳ ይታያል፣ አሎሎ ግን ብዙ ጊዜ በማሽን የተላገ ስለሆነ ልስልስ ነው።

አንዳንዱ ሰው አረሩን ከመድፉ አፍ ጋር ያስተያያል፣ ይሄም አያስኬድም፣ አረሩ እንዳይነክስ ሆን ተብሎ ክፍተት ይተውለት ነበር፣ ባለ 12ቱ የእንግሊዝ መድፍ አፉ 11.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አረሩ ግን 11.2 ነው።

ከባሕር የወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጨው ውሃ ብረቱን ቀስ እያለ ያወጣውና ካርቦኑ ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል፣ መጠኑ ሳይቀንስ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ድፍኑም ክፍት ይመስላል። እንዲህ ያለው እንዲሁ አየር ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል ይፈረፈራል፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ለሙዚየም መስጠት ነው የሚሻለው።

እባካችሁ የኳሱን ባለቤት አግኙትና መጀመሪያ ቀዳዳ ወይም የተደፈነ ምልክት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ድፍን መሆኑ ከተረጋገጠ ክብደቱን፣ ዙሪያውንና የተገኘበትን ቦታ በሚቀጥለው እትም አውጡልን፣ ያኔ አንባቢው ራሱ አስልቶ ይነግራችኋል።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢ