አባዬ፣ ያ ናይጄሪያዊ ልጅ ምን ሆነ ላልከኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? የላክሁልህን ቅባት ማታም ተቀባው፤ የጠዋቱ ብቻ አይበቃም።

ባለፈው እሑድ ስትደውል «ያ የትምህርት ቤትሽ ኳስ ተጫዋች፣ ናይጄሪያዊው፣ ምን ሆነ?» ብለህ ጠየቅከኝ። መኪና እየነዳሁ ስለነበር «ደህና ነው አባዬ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄህ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የመድኃኒትህን ሰዓት እየረሳህ ያን ልጅ አልረሳኸውም። እኔ ደግሞ ስለዚያ ጊዜ ልነግርህ የሚገባኝን ሳልነግርህ ስንት ዓመት አለፈ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እሱን ለምጃለሁ።

ልጁ ቶኒ ስኪን ነው። ሌጎስ ነው የተወለደው። በ2012 ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ለናይጄሪያ ተሰልፎ ተጫወተ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የተማርኩበት የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሆኗል። አዎ፣ እዚያው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ፣ ያን ጊዜ ራሱ የተጫወተበት ሜዳ ላይ።

አንተ እሱን ያወቅከው በቅጣቱ ነው፣ ትዝ ይልሃል? የ2006 ማርች ነበር። በሊጋቸው ግማሽ ፍጻሜ ከሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ ተናዶ አንዱን በቡጢ መታው። በዚያ ላይ ተሸነፉ። አሰልጣኙ ጂም ላራናጋ ደግሞ ቀጣዩን ጨዋታ አትሰለፍም አለው። ቀጣዩ ጨዋታ ማለት እኮ ከሚሺጋን ስቴት ጋር የሚደረገው የአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ሚሺጋን ስቴት የዓመት በፊቱን ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት ገብቶ የጨረሰ ቡድን ነው። ይህን ስነግርህ ታክሲው ውስጥ ነበርን፣ ቀይ መብራት ላይ። ዞር ብለህ አየኸኝና «አባት ያለው ቡድን ነው» አልክ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቅርጫት ኳስ አንድ ቃል ስትናገር ሰምቼህ አላውቅም።

ያለ እሱ 75 ለ65 አሸነፉ። ቀጥሎ የዓመት በፊቱን ሻምፒዮን ኖርዝ ካሮላይናን 65 ለ60። ከዚያ ዊቺታ ስቴትን 63 ለ55፣ እሱን ደግሞ እዚሁ ዲሲ፣ ያን ጊዜ ቬራይዘን ሴንተር ይባል በነበረው አዳራሽ።

ምን ያህል ያልተጠበቀ እንደነበር ያን ጊዜ በደንብ ያስረዳሁህ አይመስለኝም። ጆርጅ ሜሰን ከዚያ ዓመት በፊት በዚህ ውድድር አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። ሊጋቸውን ስላላሸነፉ የገቡት በአስመራጮች ውሳኔ ነው፣ ያውም ከምድባቸው 16 ቡድኖች 11ኛ ደረጃ ተሰጥቷቸው። ሆፍስትራ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ አሸንፏቸው እሱ ሳይገባ ነው እነሱ የገቡት። ቴሌቪዥን ላይ ትልልቆቹ ተንታኞች ይህ ቡድን አይገባውም ሲሉ እኔ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ እሰማ ነበር። ያመመኝ ስለ ኳሱ አልነበረም አባዬ። የኔን የልቤን የሚናገሩ መሰለኝ።

ይኸውልህ ያልነገርኩህ።

ያ ሌላው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ የነበረ ጊዜ፣ ክፍያውን የታክሲ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት ሌሊት ስትደምር ስትቀንስ አይቼሃለሁ። የተኛሁ መስሎህ ነበር። በሦስተኛው ቀን እስክሪብቶውን አስቀመጥክና ምንም አላልክም። እኔ ነኝ «ሜሰን ይሻላል፣ ለቤትም ቅርብ ነው» ያልኩት። ደስ ብሎኝ እንደመረጥኩት አድርጌ ነው የነገርኩህ። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰዎች የት ነው የምትማሪው ሲሉኝ «ቨርጂኒያ ነኝ» ብዬ አልፍ ነበር። የትኛው ቨርጂኒያ ነው ሳይሉኝ፣ የመሰላቸውን ትልቅ ስም እንዲገምቱ። ሁለት ዓመት ተኩል እንደዚያ አልኩ። የምማርበት ቤት ስም ያሳፍረኝ ነበር። አንተ ለዚያች ክፍያ ሌሊት እየነዳህ።

ከዚያ መጋቢት 17 ቀን 1998 መጣ። በኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ቀኑን በሱ ስለማስታውሰው ነው፤ ደብረ ዘይት እሑድ ነበር፣ እኩለ ጾም። ከቅዳሴ ተመልሰን እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሽሮ አቀረበች። ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ መውጣት ነበረብህ፣ ታክሲውም ታች ቆሟል። ጨዋታው ሲጀምር ግን ነጠላህን ሳታወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥክ። «ትንሽ አይቼ እወጣለሁ» አልክ።

ኮኔቲከት ነበር ተጋጣሚው። ምን ዓይነት ቡድን መሰለህ፣ በዚያው ክረምት ከነሱ አምስቱ ለኤንቢኤ፣ ለትልቁ የባለሙያዎች ሊግ፣ ተመረጡ። ከሜሰን አንድም አልተመረጠም። የሜሰን ሁለቱ የመሃል ልጆች፣ ጃይ ሉዊስና ዊል ቶማስ፣ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ከነዚያ ረጃጅሞች ጋር ሲጋፉ «እነዚህን ሕፃናት ማን ነው የላካቸው?» አልክ። እረፍት ላይ ኮኔቲከቶች 43 ለ34 ሲመሩ፣ ቁልፍህን አንስተህ መልሰህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው። ሁለት ጊዜ። እያየሁህ ነበር።

ከእረፍት በኋላ የኛዎቹ ቀስ በቀስ ደረሱባቸው። ላማር በትለር ከሩቅ ያስገባል፣ ሉዊስ በዚያ ግዙፍ ትከሻው ገፍቶ ከቅርጫቱ ስር ያስገባል። አለቀ፣ አሸነፍን ስንል የኮኔቲከቱ ዴንሃም ብራውን ከዳር ሰንጥቆ ገብቶ ሰዓቱ ሲያልቅ እኩል አደረገው፣ 74 ለ74። ነጠላህን ዓይንህ ላይ ሳብከው። ጭማሪ ሰዓቱን ድምፁን አጥፍተህ ነው ያየነው፣ ልቤ አልቻለም ብለህ። ቤቱ ጸጥ አለ። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እማዬ ከወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሆና አንዴ እኛን አንዴ ቴሌቪዥኑን ታያለች። መጨረሻ ላይ ያው ብራውን የሦስት ነጥብ ኳስ ወረወረ፣ ሳተ። 86 ለ84 አሸነፍን፣ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባን።

ደረጃውን ወርደህ ታክሲው ውስጥ ገብተህ ጥሩምባውን ነፋኸው። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በጾም፣ አንተ ጎረቤት እንዳይረበሽ በር እንኳ ቀስ አድርጎ የሚዘጋው ሰው። ከመስኮት ሆኜ ሳቅሁም አለቀስኩም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ በፍሎሪዳ 73 ለ58 ተሸነፉ፣ ፍሎሪዳም ዋንጫውን ወሰደ። እኔ ብዙም አልከፋኝም። የገዛሁልህን አረንጓዴና ወርቃማ ሻርፕ ከመስታወቱ ስር፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን አንጠለጠልከው። «ቀይዋ ብቻ ነው የጎደለችው» አልክ። እኔም ከዚያ ወዲያ በየሄድኩበት «ጆርጅ ሜሰን ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ማንም ሰው ያውቀዋል፣ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

አሁን ዋናው። እማዬ ያረፈች ጊዜ ለቅሶ ላይ ያ የታክሲ ጓደኛህ፣ ጎንደሬው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። «የጆርጅ ሜሰኗ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። በኳሱ ምክንያት የሚያውቀኝ መስሎኝ «አዎ፣ የዚያን ዓመት እዚያ ነበርኩ» አልኩት። «አይ፣ ከዚያ በፊት ነው እንጂ» አለኝ። ዩኒየን ስቴሽን ተራ ስትጠብቁ፣ ገና በ2003 አንደኛ ዓመት ስገባ ጀምሮ፣ ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም «ልጄ ጆርጅ ሜሰን ነው የምትማረው» ትል እንደነበር ነገረኝ። የት ነው እሱ ሲሉህ ፌርፋክስ ነው ብለህ መንገዱን ሳይቀር ታስረዳቸው ነበር አሉ። አንዱ ተሳፋሪ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም ሲልህ «ትሰማለህ» አልከው አለኝ።

እኔ ስሙን ስደብቅ አንተ ታወራው ነበር። እነዚያ ልጆች ማንንም ሳያሸንፉ። ይህን ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በስልክ ልነግርህ ስል ድምፄ እየተቆረጠ ወሬ እቀይራለሁ። ይቅር በለኝ አባዬ። ያን ሁሉ ጊዜ «ቨርጂኒያ» ማለቴን ይቅር በለኝ።

ከዚያ ቡድን የሌሎቹንም ከጠየቅከኝ፣ ጌብ ኖርዉድ ለፊሊፒንስ ብሔራዊ ቡድን ብዙ ዓመት ተጫወተ። ላራናጋ ማያሚ ሄዶ በ2023 እሱንም ቡድን እስከ መጨረሻዎቹ አራት አደረሰው። ስኪን አሁን ጎን ላይ ቆሞ ሲጮህ ብታየው ያ ልጅ ነው አትልም፣ ትልቅ ሰው ሆኗል። ለጥምቀት ስመጣ ስልኬ ላይ አሳይሃለሁ።

ሻርፑ እኔ ጋ ነው። ታክሲውን የሸጥክ ቀን ከመስታወቱ ላይ ፈትቼ ወስጄው ነበር፣ አልነገርኩህም። ጫፉ ትንሽ ተተርትሯል እንጂ ደህና ነው። በሚቀጥለው ወር አንዲት ጓደኛዬ ትመጣለች፣ ከመድኃኒቱ ጋር እልክልሃለሁ። የመነጽርህንም ቁጥር ሐኪሙ ከጻፈልህ ወረቀት ላይ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።

ልጅህ