ውኃ የተቀላቀለበት ናፍጣ ተሸጦልኝ ከ14 ተሳፋሪ ጋር መንገድ ላይ ስለመቅረቴ

ለነዳጅ ማደያው ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የደረሰብኝን ጉዳት ስለማሳወቅና ካሳ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና በሚኒባስ ሰው አመላልሳለሁ። መኪናዋ የራሴ ናት፣ የምነዳትም እኔ ነኝ። ከእናንተ ማደያ መቅዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ቀጂዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ። እነሱም ከሩቅ ሲያዩኝ "ጋሼ፣ ዛሬ ናፍጣ አለ" ይሉኛል። ይህን ያነሳሁት ከመንገድ የመጣ ሰው ስማችሁን ሊያጠፋ የተነሳ እንዳይመስልዎት ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ 12 ሰዓት ተኩል ሲል ተራዬ ደረሰ። 40 ሊትር ናፍጣ አስቀዳሁ። የከፈልኩት በቴሌብር ስለሆነ ሰዓቱም ብሩም ስልኬ ላይ አለ።

እኔ ስቀዳ ቦቴ ቆሞ እያራገፈ ነበር። ቱቦው መሬት ውስጥ ባለው ታንካችሁ አፍ ላይ እንደተሰካ፣ እኛ ከዚያው ታንክ እንቀዳለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። ግቢው ውኃ ተኝቶበታል። ቦቴው አጠገብ ያለው አንደኛው የታንክ ክዳን ዙሪያው ኩሬ ሆኗል፤ ክዳኑ ዳር ላይ መኖር ያለበት ጎማም የለም። ያን ጊዜ አየሁት እንጂ ልብ አላልኩትም። የሰልፍ ድካም ነበረብኝ፣ ተሳፋሪም ይጠብቀኛል።

መናኸሪያ ገብቼ 14 ሰው ጫንኩ። አብዛኞቹ ቡሄን ከዘመድ ጋር ለመዋል የሚሄዱ ናቸው። አንዲት እናት ደግሞ ከሆስፒታል ወጥተው በልጃቸው ተደግፈው ነው የተሳፈሩት። ከከተማ ወጥተን 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሞተሩ ሚስ ማድረግ፣ መቆራረጥ ጀመረ። ነዳጅ ብረግጥ ጉልበት የለውም። ከኋላ ነጭ ጭስ ለቀቀ። ጉዶ በረት ሳንደርስ ጸጥ አለ። በሞተሪኖ ደጋግሜ ብሞክር አልነሳም አለኝ።

"ልጄ፣ ነዳጅ አልቆብህ ነው?" አሉኝ እኚያ እናት።

"የለም እማማ፣ አሁን ነው የሞላሁት" አልኳቸው።

የናፍጣ ፊልትሮው ከሥሩ ውኃ የሚያጠራቅም ቦታ አለው፤ ታችኛው ብሎን ሲላላ የተጠራቀመው ይወርዳል። ባዶ ሃይላንድ ከሥሩ ይዤ አላላሁት። መጀመሪያ የወረደው ድፍርስ ነው። ከዚያ ጥርት ያለ ውኃ መጣ። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ትንሽ ሲቆይ ሃይላንዱ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ፦ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ነጭ። ተሳፋሪው ሁሉ ተሰብስቦ አየው። የናፍጣውን የእጅ ፓምፕ እየገፋሁ መስመሩን ሞላሁና እንደገና አስነሳሁ፤ አንድ ጊዜ ተነስቶ ወዲያው ጠፋ። ሁለተኛ ሃይላንድ ቀዳሁ፣ ያው ውኃ ነው። ባትሪውም ደከመ።

መኪናው እስከዚያ ድረስ የሄደው በመስመሩ ውስጥ የቀረው የትናንቱ ንጹሕ ናፍጣ ስለነበረ፣ ፊልትሮውም እስኪሞላ ድረስ ውኃውን ስለያዘለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ማደያው በር ላይ አይታይም። ቀጂው "በሰላም ግባ" ብሎ የሸኘው መኪና የሚቆመው እሱ ከማያየው ቦታ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከፊታችን አንድ ሰው በእግሩ መጣ። ሲሚንቶ የጫነ የኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ወደፊት ቆሟል። እጁ ላይ የራሱን ፊልትሮ ይዟል። "ከየት ነው የቀዳኸው?" አለኝ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም ከእናንተ ነው። ወደ ቀትር ሲል ደግሞ አንድ ፒክአፕ ተጎትቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ አስቁመን ጠየቅን። እሱም ከእናንተ ነው።

ይህን የምጽፈው በችኮላ ፈርጄ አይደለም። መኪና ከተቀዳለት በኋላ በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ የማደያ ነው ብዬ አላምንም። የጎረቤቴ ቪትዝ ቤንዚን በሞላላት ቁጥር ታንቃ ትጠፋ ነበር። ማደያ ስንቀያይር፣ ቀጂ ስንወቅስ ከረምን። በኋላ ሲታይ ከታንኩ የሚወጣውን ትነት ወደ ሞተር የሚያሳልፈው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነው። ታንኩ ሲሞላ ትነቱ ይበዛና ሞተሩን ያፍነዋል። ቫልቩ ተቀየረ፣ ዳነች። ናፍጣና ቤንዚን ተሳስቶ የሚያስቀዳም አለ። ስለዚህ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን መኪና ነው። ግን በአንድ ጧት፣ በአንድ መንገድ፣ ከአንድ ማደያ የቀዱ ሦስት መኪኖች በአንድ ዓይነት ምክንያት ሲቆሙ ሌላ ምን ልበል? ሃይላንዱ ውስጥ ያለውን ውኃስ የት ላድርገው?

ጉዶ በረት ሳንደርስ መቆማችን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ይዘን ነበር። መንገዱን ያውቁታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ይነሳል፤ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በነሐሴ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና የኋላ መብራት ይውጠዋል። እዚያ ላይ ሞተር ቢጠፋ መኪና አይቆምም፣ ቁልቁል መሄዱን ይቀጥላል። ማርሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ማርሽ ልቀይር ብሎ ሹፌሩ ፍሪሲዮን በረገጠ ጊዜ ግን ሞተሩ ጭራሽ ይቆማል። መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። 14 ሰው ይዤ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ጠመዝማዛ። ይህን እያሰብኩ እስካሁን እንቅልፍ የማጣበት ሌሊት አለ። እባክዎ ጉዳዩን እንደ 40 ሊትር ናፍጣ ብቻ አይዩት።

ተሳፋሪዎቹን በሌሎች መኪኖች አንድ በአንድ እየለመንኩ አሳፈርኩ፣ ገንዘባቸውንም መለስኩ። የመጨረሻዎቹ የሄዱት ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ጾመኛ አዛውንት በዚያ ብርድ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዋሉ። እኚያ እናት የልጃቸው ትከሻ ላይ ተኝተው ቆዩ። መንገድ ላይ ማምሸት በማያስተማምንበት በዚህ ጊዜ፣ እኔ መኪናዬን ትቼ መሄድም አልቻልኩም። የመጎተቻ መኪና የደረሰልኝ ሲመሽ ነው።

በማግስቱ ሃይላንዱን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ስገባ የናፍጣው ፓምፕ ላይ "ብልሽት" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ነው። ሃይላንዱን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩ። እርስዎ አላዩትም። "ወንድሜ፣ መኪናህ አርጅቷል፣ ጋራዥ ወስደህ አስመርምር" ብለው ስልክዎን አነሱ። ከሁሉ ይልቅ ያዘንኩት በዚህ ነው። ውኃ ታንክ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዝናብ አለ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ በታንኩ ግድግዳ ላይ የሚያላብሰው ጠል አለ። ይህ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። የደረሰውን ሰው ዓይኑን እያዩ "የአንተ ጥፋት ነው" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ካርቶኑን የሰቀለው ሰው ለምን እንደሰቀለው ያውቃል።

እንዳሉኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ታንኩ ወርዶ ሲገለበጥ ከሥሩ ሦስት ሊትር ያህል ውኃ ወጣ። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውኃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋተጋል። መካኒኩ ፖምፓው ለጊዜው ተርፏል ብሎኛል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት አራት ኖዝሎች አንዱ ግን አፉ ተበልቶ ተቀየረ። መጎተቻ 5,000 ብር፣ ፊልትሮ 1,800፣ የኖዝል ፍተሻና አንድ አዲስ ኖዝል 6,500፣ የመካኒክ የእጅ ዋጋ 8,000 ከፈልኩ። በጠቅላላው 21,300 ብር ነው። ሦስት ቀን ሥራ መፍታቴን አልቆጠርኩትም።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። የ40 ሊትሩ ናፍጣ ዋጋና ያወጣሁት 21,300 ብር ይመለስልኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ለገዢው ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። እኔም ጉድለቱን ባወቅሁ ማግስት መጥቼ ነግሬዎታለሁ።

በዚያ ጧት የቀዱትን ሌሎች ሹፌሮችም ፈልጋችሁ ንገሯቸው። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ማን በስንት ሰዓት እንደቀዳ መዝገቡ አለ። ምናልባት ከታንካቸው ሥር ውኃ ይዘው እየሄዱ ያሉ አሉ። ይህ ከእኔ ገንዘብ መቅደም አለበት።

ለወደፊቱም ከባድ ነገር አልጠየቅሁም። ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ። በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ተቀብቶ ወደ ታንኩ ሲወርድ ከሥር ስንት ጣት ውኃ እንዳለ ያሳያል። በክረምት ጧት ጧት፣ ሽያጭ ሳይጀመር ይደረግ። ቦቴ ሲያራግፍ ከዚያ ታንክ መሸጥ ይቁም። ከሥር የተኛው ውኃና ዝቃጭ በሚወርደው ናፍጣ ይናወጣል፤ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰልፍ ላይ ያለን ሰዎች እናጉረመርም ይሆናል። ምክንያቱ ከተነገረን እንጠብቃለን፤ 10 ሰዓት ሌሊት የተነሳ ሰው አንድ ሰዓት መጨመር አያቅተውም። የዚያ ክዳን ጎማም ይገጠም።

በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ግን ከኤፍ ኤስ አሩና ከፒክአፑ ሹፌር ጋር ሆነን ለዞኑ ንግድ መምሪያ እናመለክታለን። ሁለቱም ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው። የቴሌብሩን መልእክት፣ የጋራዡንና የመጎተቻውን ደረሰኝ ኮፒ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ሃይላንዱን አልደፋሁትም። ክዳኑን አጥብቄ ቤቴ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ውኃውና ናፍጣው አሁንም ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ቀን ይቅጠሩልኝና ይዤው እመጣለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን እባክዎ አንስተው ይዩት።

ከሰላምታ ጋር
የሚኒባሱ ባለቤትና ሹፌር
ደብረ ብርሃን