ሎቱ ይከፋፈል፣ ሥራውን እንወጣዋለን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጣችሁን የጨረታ ገጾች ከዜናው አስቀድሜ የማነብ ሰው ነኝ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የማምረቻ ሼድ ውስጥ የሚሠራ የእንጨትና ብረታ ብረት ኢንተርፕራይዝ ሰብሳቢ ነኝ። የተማሪ መቀመጫ፣ የፋይል መደርደሪያ፣ በርና መስኮት እናመርታለን። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ «ጥቃቅንና አነስተኞች የመንግሥት ጨረታ የማያሸንፉት አቅም ስለሌላቸው ነው» የሚለው አባባል በየስብሰባው ሲደጋገም መስማት ስላንገፈገፈኝ ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች አንድ ጊዜ ሼዳችን ድረስ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ መሥሪያ ቤት 4 ሺህ ኮምባይንድ ዴስክ (መጻፊያውና መቀመጫው የተያያዘ የተማሪ ዴስክ) በአንድ ሎት፣ ማለትም ሳይከፋፈል አንድ ላይ በሚጫረቱበት ጥቅል፣ ይጠይቃል፤ የማስረከቢያ ጊዜው 45 ቀን ነው። በወር 300 ጥሩ ዴስክ የሚያወጣ ሼድ ይህን ሲያይ ገጹን ገልብጦ ያልፋል። ሌላ ምን ያድርግ? ጨረታውን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ የመበየጃ ማሽን እንኳ የሌለው፣ ግን ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ነው። አሸንፎ ውል ከፈረመ በኋላ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ወደ እኛው ሼድ ይመጣል። «መቶውን አንተ ሥራልኝ፣ ሁለት መቶውን ጎረቤትህ ይሥራ» ብሎ ያከፋፍለናል። ዋጋው እሱ ከመንግሥት ከተዋዋለበት በብዙ ያነሰ ነው። ያንን ዴስክ የበየዱት፣ ያለሰለሱት፣ ቀለም የቀቡት የእኛው ልጆች ናቸው። ተማሪው የተቀመጠውም እነሱ በሠሩት መቀመጫ ላይ ነው። ታዲያ አቅም የጎደለው ማን ነው? ሎቱን የማከፋፈሉን ሥራ መሥሪያ ቤቱ ባለመሥራቱ ነጋዴው ሠራው፤ ዋጋውንም መንግሥት ከፈለ።

ያው 4 ሺህ ዴስክ በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ አሥር ሎት ሆኖ ቢወጣ፣ የማስረከቢያ ጊዜውም ትንሽ ቢራዘም፣ በየክፍለ ከተማው ያሉ ሼዶች በገዛ ስማቸው ይወዳደሩ ነበር።

ይህን ሐሳብ ለግዥ ባለሙያዎች ሳቀርብ የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «ግዥ መከፋፈል በሕግ ክልክል ነው፣ ኦዲተር ይጠይቀናል» ይላሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ በኦዲት ግኝት ምክንያት የተጉላሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተምታቱ ነው። ሕጉ የከለከለው በግልጽ ጨረታ መፈጸም የነበረበትን ግዥ ቆራርሶ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ብቻ ሰብስቦ፣ መግዛትን ነው። በአንድ የጨረታ ቁጥር፣ በአንድ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ በአንድ ቀንና ሰዓት የሚከፈት ጨረታ አሥር ሎት ስላለው ግልጽ ጨረታነቱ አይቀርም። ትልቁ ድርጅት ከፈለገ አሥሩንም ሎት ይወዳደራል፤ እኛም ባቅማችን አንዱን ወይም ሁለቱን እንወዳደራለን። የሚበዛው የግምገማ ኮሚቴው ሥራ ነው። ያንን ድካም አልክድም፤ ግን ድካሙ ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ነው።

ደግሞም ይህ በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብሎኬቱን፣ ፕሪካስት ቢሙን (ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የኮንክሪት ተሸካሚ)፣ በርና መስኮቱን ያመረቱት በገበያ ትስስር የገቡ ማኅበራት ነበሩ። የኮብልስቶን መንገዶችም የተሠሩት ሥራው ለወጣት ማኅበራት በሚመጥን መጠን እየተቆረሰ በመሰጠቱ ነው። ያኔ ችግር አልነበረም አልልም፤ የዘገየ ክፍያና ያልተስተካከለ ጥራት ነበር። ቢሆንም ዛሬ የራሳቸውን ድርጅት ከፍተው ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ሙያ አጋሮቼ ልመለስ፤ ሁሉን በመንግሥት ላይ ጭኖ መቀመጥ አይበጀንም።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴራል የግዥ መመሪያ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተጻፉ መብቶች አሉ። የጨረታ ሰነድ ያለ ክፍያ መውሰድ፣ በመያዣነት በሚጠየቁት በጨረታ ማስከበሪያ፣ በውል ማስከበሪያና በቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ፋንታ ካደራጀን አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ፣ በዋጋ ውድድርም የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት ማግኘት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 649 በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ስለተተካ፣ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ ስላላቸው፣ በእያንዳንዱ ሰነድ ውስጥ «የተጫራቾች መመሪያ» የሚለውን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን ዘለን የምንሄደው ወደ ዋጋ መሙያው ሰንጠረዥ ነው፤ ተጫራች የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ገና ሳይታይ ነው።

ስለ ዋስትና ደብዳቤው በተለይ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ወረዳ ሄዳችሁ ደብዳቤ ስትጠይቁ አንዳንዴ የሚሰጣችሁ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ይህ ዋስትና አይደለም፤ የግምገማ ኮሚቴ ቢጥለው አይፈረድበትም። ደብዳቤው የጨረታውን ቁጥር፣ የገዥውን መሥሪያ ቤት ስም፣ የማስከበሪያውን የገንዘብ መጠንና ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜ መጥቀስ አለበት። አደራጁ አካል ተጫራቹ ግዴታውን ባይወጣ ኃላፊነት እንደሚወስድም በግልጽ መናገር አለበት። እኛ የምንፈልገውን ይዘት በወረቀት አርቅቀን ይዘን እንሄዳለን፤ የወረዳው ሠራተኛም ሥራው ስለሚቀልለት ደስ ይለዋል። ይህ መብት የሚያገለግለው ራሳችን ለምናመርተው ምርት መሆኑም አይዘንጋ። ዴስክ የሚሠራ ማኅበር በዚያው ደብዳቤ ኮምፒውተር ላቅርብ ቢል ተቀባይነት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ደብዳቤው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ በ10 ሚሊዮን ብር ውል ላይ 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ 1 ሚሊዮን ብር መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ያንን ገንዘብ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) አሳስሮ ብረት የሚገዛበት ገንዘብ የሚተርፈው ሼድ በሠፈራችን የለም።

ቀጥሎ የዋጋ ስሌት ነው። አርኤችኤስ የምንለው ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ብረት የሚሸጠው በ6 ሜትር ርዝመት ነው። የዴስኩ እግር 74 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከአንዱ ብረት ስምንት ቁራጭ ይወጣል። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ሰባት ብቻ ወጥቶ 40 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ቁራጭ ሌላ ቦታ ካልገባ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመሙላት በፊት ስፔሲፊኬሽኑን ይዞ መቁረጫው አጠገብ ቆሞ ማስላት ያስፈልጋል። ኤሌክትሮድ (የመበየጃ ዘንግ)፣ የመቁረጫ ዲስክ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚቀረው ቅድመ ግብር ሁሉ በስሌቱ መግባት አለባቸው። የብረቱ ውፍረትም ዋና ጉዳይ ነው። ሰነዱ 1.5 ሚሊ ሜትር እያለ ገበያ ላይ በዚያ ስም የሚሸጠው ሲለካ የሚያንስበት ጊዜ አለ። በቀጭኑ ብረት ዋጋ ሞልቶ ማሸነፍ ይቻል ይሆናል፤ የርክክብ ኮሚቴው ካሊፐር አውጥቶ ሲለካ ግን ዕቃው ይመለሳል። መሥሪያ ቤቶችም በበኩላቸው ናሙና አስቀርበው፣ አሽገው አስቀምጠው፣ በርክክብ ጊዜ ከዚያ ጋር ቢያመሳክሩ በትክክለኛው ብረት ዋጋ የሞላው ሰው አይጎዳም።

የብረትን ዋጋ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ዋጋ ጠይቆ ሳምንት ቆይቶ መግዛት አስቸጋሪ ሆኗል። የእኛ ዓይነቱ አጭር ውል ደግሞ በቋሚ ዋጋ የሚፈጸም ነው። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ግምገማው ለሁለትና ሦስት ወር ሲንከባለል ትልቁ ድርጅት ከመጋዘኑ አውጥቶ ይሠራል፤ እኛ መጋዘን የለንም። የሞላነው ዋጋ ጸንቶ የሚቆይበት ቀን ካለፈና መሥሪያ ቤቱ እንድናራዝም ከጠየቀን የመስማማትም ያለመስማማትም መብት አለን። ተለማምጠን ከማራዘማችን በፊት መርካቶ ደርሰን የዕለቱን ዋጋ እንጠይቅ።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ኤሌክትሮኒክስ ግዥ ሥርዓት መግባታቸው ለእኛ ጥሩ ነገር ነው። ሰነድ ለመውሰድ ቢሮ ለቢሮ መንከራተትን፣ በሰም የታሸገ ፖስታ ይዞ ሣጥን ፍለጋ መሯሯጥን አስቀርቷል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ ምዝገባውን ኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ በራሱ ስልክና ኢሜይል እንዲከፍትላችሁ አታድርጉ። ልጁ ሥራ ሲቀይር የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ሰነዱንም በመጨረሻው ሰዓት ለመጫን አትጠብቁ፤ መብራትና ኔትወርክ የጨረታ ሰዓት አያውቁም።

ልምድ የሌለው ተቋም በፕሮፎርማ ይጀምር። በሠፈሩ ላለ ትምህርት ቤት ሃያ ወንበር የጠገነ ሰው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ መጠየቅ ይችላል፤ እነዚህ ደብዳቤዎች ተጠራቅመው ነው ነገ ግልጽ ጨረታ ላይ የሚቆሙልን። ሁለት ሦስት ሆኖ በጥምረት መወዳደርም በብዙ ሰነዶች የተፈቀደ ነው፤ እኛ ከጎረቤት ሼድ ጋር አድርገነዋል፤ ማን ምን ያህል እንደሚሠራና ክፍያ በማን ሒሳብ እንደሚገባ ቀድሞ በጽሑፍ ከተያዘ ጠብ የለውም።

ይህን ሁሉ አሟልተን አሸንፈንም የሚጎዳን ግን የክፍያ መዘግየት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በሰኔ መጀመሪያ ዕቃችንን ተረክቦ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ የሆነውን ሞዴል 19 ቆርጦ ከሰጠን በኋላ ክፍያውን ያገኘነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰኔ 30 በጀቱ ተዘጋ፣ ሐምሌ አዲሱ በጀት አልተለቀቀም፣ ነሐሴ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነው ተባልን። በእነዚያ ወራት አባሎቻችን የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ በብድር ከፈሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ በሼዳችን ከማንም የተሻለች በያጅ፣ ለሁለት ልጆቿ ደብተር መግዣ አጥታ ከእኛ ተለይታ በቀን ሥራ ወደ ግንባታ ገባች። እስካሁን አልተመለሰችም። ዕቃውን ተቀብሎ የሚገለገልበት መሥሪያ ቤት የሠሪዋን ላብ ለአራት ወር በመሳቢያ ማቆየቱ በጣም ያሳዝነኛል። መመሪያው እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ሲፈቅድ የኖረ ነው፤ ለአነስተኛ አምራች ይህ ቢከበር፣ ግዥውም ለሰኔ ጥድፊያ ሳይተው በጥቅምትና በኅዳር ቢጀመር ግማሹ ችግር ይቃለላል። የዓመቱ የግዥ ዕቅድ የሚወጣው በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ ጊዜ አልነበረም የሚባልበት ምክንያት የለም።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጨረታ ማስታወቂያዎች በየቀኑ ይወጣሉ፤ ውጤቱ ግን እምብዛም ሲወጣ አይታይም። ማን አሸነፈ፣ በየትኛው ሎት፣ በስንት ብር፣ ስንት ተጫራቾች ቀረቡ፣ ከእነሱ ውስጥ አምራች የሆኑት ስንት ናቸው የሚለውን መሥሪያ ቤቶቹ ውል ሲፈርሙ እንዲልኩላችሁ ብትጠይቁና በሳምንት አንድ ቀን ብታትሙት ስለ አቅም የምንከራከረው በማስረጃ ይሆናል። ሥራውን ለመጀመር የሚረዳችሁ ከሆነ በሼዳችን ፋይል ውስጥ ያሉትን የጨረታ ሰነዶችና የውጤት ማሳወቂያ ደብዳቤዎች ኮፒ አድርጌ ላመጣላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ኢንተርፕራይዝ ሰብሳቢ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ