ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ የለም ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ ነው የምጽፍላችሁ። ሰው «የምትወደው መጽሐፍ?» ሲባል ጥያቄው ሳያልቅ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይላል። እኔም እወደዋለሁ፣ ማን ይጠላዋል! ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። ስንቶቻችን ነን ከዳር እስከ ዳር ያነበብነው፣ ስንቶቻችንስ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተን «አንብቤዋለሁ» የምንለው? እናቴ መጽሐፉን በእጇ ነክታው አታውቅም። ስለ ጉዱ ካሣ ስታወራ ግን የጎረቤቷ ልጅ ነው የሚመስለው። እሱ ደስ ይላል። ግን መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊትም ብዙ ተጽፏል እኮ።

እኔ ከልቦለድ አልጀምርም። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ»ን ፈልጉ። ርዕሱ አያስፈራችሁ። መንግሥቱ ለማ አባቱን እያጫወተ በቴፕ ቀድቶ፣ ወሬያቸውን ወደ ወረቀት ገልብጦ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው ነው። የቆሎ ተማሪነቱ፣ ቅኔው፣ የመምህራኑ ነገር፣ ምን የሌለ አለ። መጀመሪያ በልቤ ሳነበው አልያዘኝም። አንድ ምሽት መብራት ጠፋና በሻማ ጮክ ብዬ ለቤተሰቡ ማንበብ ጀመርኩ። አያቴ ድሮ ቆሎ ተማሪ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያዳምጡ ቆዩና ቅኔው ላይ ስደርስ «ቆይ ቆይ፣ እንደሱ አይባልም» ብለው አስቆሙኝ። ከዚያ እሳቸው አዜሙት፣ ቀጥሎም የራሳቸውን ወሬ ጀመሩ። መብራት ከመጣም በኋላ አላቆሙም። መጽሐፉ ጆሮ ነው የሚፈልገው፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ይህን ከወደዳችሁ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» አለላችሁ። ልጅ ሆኖ ዐድዋ የዘመተ፣ ሩሲያ ሄዶ የመድፍ ትምህርት የተማረ፣ «ፋቡላ» የሚባለውን ተውኔት የጻፈ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀ ሰው የራሱን ሕይወት ሲያወራ ነው። ወፍራም ነው፣ በአንድ ሳምንት አያልቅም።

ልብ የሚያንጠለጥል ለምትፈልጉ ደግሞ «ኦሮማይ»። በዓሉ ግርማ አሥመራንና ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛ ዓይን ነው የሚያሳያችሁ። ፖለቲካው፣ ስለላው፣ ከፊያሜታ ጋር ያለው ፍቅር፣ ሁሉም ባንድ ላይ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ታገደ፣ ደራሲው በዓመቱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን እያወቃችሁ ስታነቡት ገጹ ይከብዳል።

ከትርጉም «ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ማለት ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። እኔ እዚህ ደህና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ደብዳቤ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ!

ግጥም ትፈራላችሁ? የገብረክርስቶስ ደስታን «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ሞክሩ። ሰውዬው ሠዓሊ ነው፣ ቃሉም እንደዚያው፤ መዝገበ ቃላት ሳያስገልጥ ዓይን ላይ ይስላል። በስደት አሜሪካ ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው መጽሐፉ የታተመው።

አዳም ረታን ሳልጠራ ብቀር ወንድሜ ይቆጣኛል። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩት፣ በሦስተኛው ያዘኝ። ለጀማሪ አልመክርም፣ ወንድሜ ይቆጣ እንጂ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ሳይንሳዊ ልቦለድ የሚያውቅ አንባቢ ካለ እባካችሁ በዚሁ ዓምድ ጠቁሙኝ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮች ጠይቄ ደክሞኛል። ደግሞ የእኔን «ኦሮማይ» «ለቅዳሜና እሁድ ብቻ» ብለህ የወሰድክ ወዳጄ፣ ይህን ጋዜጣ እንደምታነብ አውቃለሁ። ገጹ ላይ የፈሰሰው ቡና የኔ ነው፣ በሱ አትሳቀቅ፣ ዝም ብለህ መልስልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ