የስፖርት ታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 47 ጨዋታ፣ አንድ ጎል

ክበባችን በየዓመቱ አንድ ስፖርተኛ መርጦ ሕይወቱንና ዘመኑን ያጠናል። ጥቅምት ላይ አባላቱ ለምርጫ ሲሰበሰቡ የቀረቡት ስሞች ሁሉ የአጥቂ ነበሩ፤ ፔሌ፣ ማራዶና፣ ሮናልዶ። እኔ ያቀረብኩት የካርል ሃይንዝ ሽኔሊንገርን ስም ነው። ይህ ጀርመናዊ ተከላካይ ያረፈው ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በ85 ዓመቱ ሚላን ከተማ ሲሆን፣ ከክበቡ ልጆች ስሙን የሰማ አልነበረም። በ13 ዓመት ውስጥ ለአገሩ 47 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው አንድ ጎል ነው። «አንድ ጎል ብቻ ያገባ ሰው ምኑ ይጠናል?» ብላ የጠየቀችው የ9ኛ ክፍል አባላችን ናት። ዓመቱን ሙሉ የሠራነውም ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው።

ለምን ተከላካይ እንደመረጥኩ ለወላጆችም ማስረዳት ይገባኛል። ልጆቻችን ኳስን የሚያዩት በአብዛኛው በስልክ፣ በተቆራረጠ የጎል ቪዲዮ ነው። በእንዲህ ያለ ቪዲዮ ውስጥ ተከላካይ የሚታየው ሲታለፍ ብቻ ነው። አጥቂው ኳስ እንዳያገኝ ቀድሞ ቦታ የያዘበት፣ የጓደኛውን ክፍተት ሮጦ የሸፈነበት ጊዜ ሁሉ ተቆርጦ ይጣላል። አንድን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ኳሱን ትቶ ሰውየውን እየተከተሉ ማየት ልምምድ የሚጠይቅ ችሎታ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የልምምድ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የኳስ ታሪክ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት የተነሣነው ከትውልድ ከተማው ከዱረን ነው። ሽኔሊንገር የተወለደው ማርች 31 ቀን 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አምስት ወር ሲቀረው ነው። በኖቬምበር 1944 የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዱረንን በአንድ ቀን አወደሟት፤ ከ3,000 በላይ ሰው አለቀ። የታሪክ መምህራችን ተጋብዘው ስለ ድኅረ ጦርነቷ ጀርመን ሲያስረዱ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። በ1950ው የዓለም ዋንጫ ጀርመን እንዳትሳተፍ መደረጓን፣ በ1954 ግን ምዕራብ ጀርመን በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫ መውሰዷን ከነገሯቸው በኋላ፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በሰሌዳው ላይ የሽኔሊንገርን ዕድሜ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ጻፈው። ከተማው ሲወድም 5፣ በርን ላይ ዋንጫ ሲነሣ 15፣ እሱ ራሱ ስዊድን ላይ ለዓለም ዋንጫ ሲሰለፍ 19። ስዊድን የሄደውም ከታላቅ ክለብ ተመርጦ አይደለም፤ በቡድኑ ዝርዝር ላይ ከስሙ ጎን የሰፈረው የትውልድ ከተማው ትንሽ ክለብ ዱረን 99 ነው። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሴፕ ኸርበርገር ዓይናቸው ሩቅ ያይ ነበር።

ከዚያ ወደ ኮሎኝ ተዛወረ። ያን ጊዜ ምዕራብ ጀርመን አገር አቀፍ ሊግ አልነበራትም። ክለቦች በየክልላቸው ተጫውተው ያለፉት በመጨረሻ ለአገሪቱ ሻምፒዮንነት ይገናኛሉ፤ የተጫዋች ደመወዝም ጣሪያ ስለነበረው አብዛኛው ሰው ከኳሱ ጎን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ኮሎኝ በ1962 ሻምፒዮን ሲሆን ሽኔሊንገር የጀርመን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ዓመት በባሎን ዶር፣ ማለትም በአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ፣ ማሶፑስት አንደኛ፣ ኢዮሴቢዮ ሁለተኛ፣ እሱ ሦስተኛ ወጡ። ተከላካይ ሆኖ! ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሰውየው ስም በአንድ ጊዜ ከፍ አለላቸው፤ እኔ ግን ሽልማቱን ከማየታቸው በፊት ጨዋታውን ቢያዩ እመርጥ ነበር።

አገር አቀፉ ሊግ፣ ቡንደስሊጋ፣ የተጀመረው በ1963 ነው። እሱ ግን በዚያው ዓመት የተሻለ ክፍያ ወዳለበት ወደ ጣልያን፣ ወደ ሮማ ሄደ። አንድ የውድድር ዘመን በማንቶቫ በውሰት ከተጫወተ በኋላ ወደ ሮማ ተመልሶ በ1965 ኤሲ ሚላን ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ከ1967 ጀምሮ አሰልጣኙ ኔሬዮ ሮኮ ነበሩ። የጣልያን ኳስ በዚያ ዘመን የተገነባው በመከላከል ላይ ስለሆነ፣ ለአንድ ተከላካይ ከዚህ የበለጠ ፈተና አልነበረም። ጣልያኖቹ «ቮልስዋገን» ይሉት ነበር፤ የማይበላሽ፣ በማንኛውም ጊዜ የሚነሣ ማለታቸው ነው። በ1968 የጣልያን ሻምፒዮንነትንና የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወሰደ። በ1969 ማድሪድ ላይ ሚላን የሆላንዱን አያክስን 4 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። መዝገብ ላይ ጎልቶ የሚነበበው የፒየሪኖ ፕራቲ ሦስት ጎል ነው። ልጆቹን ግን የሌላውን ወገን እንዲመለከቱ ጠየቅኋቸው፤ ዮሃን ክራይፍ የተሰለፈበት አያክስ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ሲሆን እሱም የፍጹም ቅጣት ምት ነው።

የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሥራችን አንድ ጨዋታ ነበር፤ ጁን 17 ቀን 1970፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ አዝቴካ ስታዲየም፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ጣልያንና ምዕራብ ጀርመን። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ማሞ ወልዴ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው እዚያው ነው። ይህን ስነግራቸው ስለ አየሩ መሳሳት ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ጨዋታውን በሙሉ አየነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ተጫዋች ተሰጠው፤ ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፍሎ «ኳስ ነካ»፣ «ቦታ ያዘ»፣ «አልታየም» እያለ በየደቂቃው ይመዘግባል። ሽኔሊንገር የደረሰው ለዚያችው ለጠያቂዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ደብተሯን ይዤ አሳይቻችሁ ቢሆን ደስ ባለኝ። «ቦታ ያዘ» የሚለው ዓምድ ሲሞላ «ኳስ ነካ» የሚለው ባዶ የሚሆንበት ገጽ አለ። ከጎኑ በእርሳስ፣ ስለ ጣልያኑ አጥቂ ስለ ሪቫ፣ «ሪቫ ወደ እሱ ሲመጣ ኳሱ ወደ ሌላ ይሄዳል» ብላ ጽፋለች። ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ያየችው ነው።

ጣልያን ገና በ8ኛው ደቂቃ በቦኒንሴኛ ጎል መርታ ሰዓቱን ሁሉ ስትከላከል ቆየች። የጀርመኑ ቤከንባወር ትከሻው ወልቆ ክንዱ ደረቱ ላይ ታስሮ ይጫወታል፤ ጀርመን ሁለቱንም ቅያሪዋን ስለጨረሰች መውጣት አልቻለም። በባከነ ሰዓት ግራቦቭስኪ ከግራ መስመር ኳሱን አሻገረ። የጣልያን ግብ አጠገብ እግሩን ዘርግቶ የደረሰው ሽኔሊንገር ነው፤ ኳሷ የጣልያኑን በረኛ አልበርቶሲን አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። የጀርመን ቴሌቪዥን ዘጋቢ «ከሰው ሁሉ ሽኔሊንገር!» ብሎ የጮኸው በጣልያን ክለብ የሚኖር፣ እንጀራውን ከጣልያን የሚበላ ተከላካይ ጣልያንን አቻ ስላደረጋት ነው። ሽኔሊንገር በኋላ ሲናገር ወደፊት የሄደው ጨዋታው ያለቀ መስሎት፣ የመልበሻ ክፍሉ መግቢያ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው ብሏል።

ከዚያ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት አምስት ጎል ተቆጠረ። ለጀርመን ሙለር በ94፣ ለጣልያን ቡርኚች በ98 እና ሪቫ በ104፣ እንደገና ለጀርመን ሙለር በ110። በ111ኛው ደቂቃ ሪቬራ አገባና ጣልያን 4 ለ 3 አለፈች። ሪቬራ የሽኔሊንገር የሚላን ጓደኛ ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ማድሪድ ላይ ዋንጫውን አብረው ያነሡት። አዝቴካ ስታዲየም ላይ ይህን ጨዋታ «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሎለታል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ አባላችን ያገኘው ነገር እኔንም ያስደነቀኝ ነው። የ1966ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ የለንደኑን የዌምብሌይ ጨዋታ፣ እያየ ሳለ 89ኛው ደቂቃ ላይ ቪዲዮውን አቁሞ ጠራን። ጀርመን በእንግሊዝ 2 ለ 1 እየተመራች ኤመሪክ ቅጣት ምት መታ፤ ኳሱ ተመልሶ ለሄልድ ደረሰው፤ ሄልድ ሲመታው በሽኔሊንገር አካል ተጋጭቶ ወደ ሌላው ማዕዘን አለፈና ቬበር አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። እንግሊዞች እጁን ነክቷል ብለው ቢጮኹም ዳኛው አጸደቁት። ጀርመን በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ተሸነፈች። እንግዲህ በሁለት ተከታታይ የዓለም ዋንጫዎች፣ ያለቀለት የመሰለን ጨዋታ ወደ ተጨማሪ ሰዓት የወሰደችው ኳስ በዚህ ሰው በኩል ነው ያለፈችው፤ ሁለቱንም ጊዜ አገሩ ተሸንፋለች። ስለ እጁ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ፤ አልተስማሙም፤ እኔም ላስማማቸው አልሞከርኩም።

ውጤቱን በጠዋት ሰልፍና በሚኒ ሚዲያ አቅርበናል፤ የግድግዳ ጋዜጣው በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተለጥፏል። በወላጆች ቀን የ9ኛ ክፍሏ አባላችን የሦስት ዓምድ ደብተሯን ይዛ ወጥታ የ47ቱን ጨዋታዎች ታሪክ ተረከች። ስለ ጎሉ የተናገረችው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ስለተያዘ ቦታና ስላልተሻገረ ኳስ ነበር። ከታዳሚው መካከል በወጣትነታቸው ተከላካይ የነበሩ አባት ተነሥተው አጨበጨቡላት።

ክበቡን በቪዲዮ ማሳያ ላገዙት የአይሲቲ መምህራችን፣ ለታሪክ መምህራችንና የቤተ መጻሕፍቱን ክፍል ለሰጡን ባልደረቦች ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለ2018 ዓ.ም. አባላቱ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው የመረጡት ታርቺዚዮ ቡርኚችን ነው፤ በዚያው በአዝቴካ ምሽት በ98ኛው ደቂቃ ያገባው የጣልያን ተከላካይ። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል፤ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር ያስፈልጋል።