ለቬስፓ ባለቤቶች፦ ካርቡራተር ከማስመጣታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን የሚደወልልን ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «እህቴ ከጣሊያን ልትመጣ ነው፤ ለቬስፓዬ የትኛውን ካርቡራተር ታምጣልኝ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ስንመልስ ሥራ ቆመብን። ስለዚህ ጻፍነው። ካርቡራተር ማለት ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚመግበው ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ አሮጌውን አትጣሉት። «ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣልን ካርቡራተር ብዙው አልሞተም። ወይ ቆሻሻ ዘግቶታል፣ ወይ ጋስኬቱ (ማሸጊያው) ደርቋል። አጥበን፣ ጋስኬቱንና ቤንዚን የምትዘጋዋን መርፌ ስንቀይር ይነሳል። ለኛ ብዙ ትርፍ የለውም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

መቀየሩ ግድ ከሆነ አካሉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በድሮው ቬስፓ ስፕሪንት 150 ላይ የጣሊያኑ ዴሎርቶ ፋብሪካ ኤስአይ 20/17 ነው። ፒኤክስ በሚባሉት ቬስፓዎች፣ በ125 እና በ150 ላይ 20/20፣ ፒኤክስ 200 ላይ 24/24። ቁጥሩ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። «24ቱን 150 ላይ ብናስረው አይፈጥንም?» የሚል አይጠፋም። ከሥሩ ያለው የሞተሩ መግቢያ ካልሰፋ ምንም አይጨምርም። ቤንዚን መጠጣት ብቻ ነው።

ሞተር የሚያስበላው ስህተት ግን ሌላ ነው። ፒኤክስ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ዘይቱን ለብቻው ይዞ ራሱ ይቀላቅላል። ለሌላው እናንተ ናችሁ የምትቀላቅሉለት፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። ካርቡራተሮቻቸው ሲታዩ መንታ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ዘይት የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ አለችው። ቀዳዳ የሌለውን ካሰራችሁበት ሞተሩ ደስ ብሎት ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይጣበቃል። እኛም በጀማሪነታችን አንድ ጊዜ ሠርተነዋል። ሲሊንደሩን ከኪሳችን ተካን።

ትክክለኛውን አገኛችሁ እንበል። ከካርቶኑ ወጥቶ ወዲያው አይገጠምም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራተሩ የተስተካከለው ለቆላ አየር ስለሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) በጥቀርሻ ይጠቁራል። የእንጦጦ ዳገት ላይ ይንደፋደፋል። ባለቤቱም «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ይበሳጫል።

መድኃኒቷ ጂግለር ናት፤ ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለቀዳዳ ትንሽ ነሐስ። 100 የሚል ካለባት ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከ100 ወደ 98፣ ከዚያ ወደ 96 እያልን ደረጃ በደረጃ እንወርዳለን። በየመሃሉ ነድተን ካንዴላውን እናያለን። ቡናማ ሲሆን እንቆማለን።

ወደ አዋሽ የምትወርዱ ግን አደራ! አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያሳነስናት ጂግለር እዚያ ቤንዚን ታሳጥራለች። ዘይት የምትቀላቅሉለት ቬስፓ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ሲያጥረው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ይግላል፣ ይደርቃልም። ትልቋን ጂግለር በኪሳችሁ ያዙና አዳማ ሻይ ስትጠጡ ቀይሯት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ስሪት፦ በዴሎርቶ ንድፍ ህንድ ውስጥ የሚመረተው ስፓኮ ደህና ነው፤ እኛም እንገጥመዋለን። ስም የሌላቸው ርካሾች ላይ ግን ጂግለሯ 100 ትላለች፣ ቀዳዳዋ ሲለካ ሌላ ነው። በዚያ ላይ መርፌዋ ታፈሳለች።

ራሳችሁ የምትገጥሙ ካላችሁ ሁለቱን ማሰሪያዎች ከልክ በላይ አታጥብቁ። አካሉ ስስ ነው፣ ይጣመማል። ያኔ ነዳጅ መስጫውን ብትለቁትም ሞተሩ እየጮኸ ይቀራል። ሚኒሞውም (ቆሞ ዝቅ ብሎ የሚሠራበት ዙር) አይያዝም።

የቀረውን አሮጌውን ካርቡራተርና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን። እህትየው ሻንጣ ከመዝጋቷ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች